መኪና ያለው ድሃ እና የእትዬ አስካለ ምሳ ዕቃ

ጡረታ የወጣው ሥራው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ ገና ወጣት ነኝ፤ ቡታጅራ በአክስቴ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሜትር ይዤ ቆሜ እውላለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወልቂጤና ጉብሬ ላይ የሰው ጽሑፍ በኮምፒውተር እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። አሁን ተማሪው ሁሉ በስልኩ ይጽፋል፤ መምህሩም በስልኩ ይቀበለዋል። የሠራሁባቸው ሁለቱም ቤቶች ተዘግተዋል። አንዱ ጭማቂ ቤት ሆኗል፤ በሌላው የስልክ መለዋወጫ ይሸጥበታል። እንዲህ ያለ ሥራ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ። አባቴ ሲሞት እናቴ እጄን ይዛ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ወሰደችኝ። ጋሽ ሸምሱ ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ነበራቸው። እናቴ "ታፍራለች እንጂ እጇ ፈጣን ነው" አለቻቸው። ይህን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ኪቦርድ ነክቼ አላውቅም ነበር። ጋሽ ሸምሱ አየት አደረጉኝና "ማፈሯ ደግ ነው፤ ደንበኛ አትሰድብም" ብለው ተቀበሉኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ በዚያ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ያስቀመጡኝ ከኋላ፣ ከመጋረጃው አጠገብ፣ ከእትዬ አስካለ ጎን ነው። እትዬ አስካለ የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ወደዚህ አገር ተመደቡ፤ ባላቸውን እዚሁ ቀብረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ እዚሁ ቀሩ። ጡረታቸው ለታመመች እህታቸው ወደ ደብረ ማርቆስ እንደሚላክ ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸው ግን ስለሱ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ለዚህ ነው ከጡረታ በኋላም በጋሽ ሸምሱ ቤት የሚሠሩት። የድሮው የጽሕፈት መኪና ከእጃቸው ስላልወጣ የኮምፒውተሩን ኪቦርድ እንደ እሱ ይመቱታል። ጋሽ ሸምሱ "ኧረ አስካለ፣ ቀስ በይ፤ ጎረቤት በር የተንኳኳ መስሎት ይወጣል" ይሏቸው ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ሳይነበብ ጣት ኪቦርድ አይነካም። ከሚጻፈው መስመር ሥር ማስመሪያ ይደረጋል፤ ዓይን መስመር የሚዘለው ሲደክም ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ ሲጥምም ነው ይሉ ነበር። የሰው ስም ሲመጣ ጣት ይቆማል፤ በ"ሀ" ነው በ"ሐ"፣ በ"ሰ" ነው በ"ሠ"፣ ባለቤቱ ራሱ በእጁ እንደጻፈው ይተዋል። እጅ ሳይታጠብ ወረቀት አይነካም። የተጻፈው ታትሞ ሲወጣ ደግሞ እርማት አለ። እኔ የደንበኛውን የእጅ ጽሑፍ ጭኔ ላይ ይዤ በዓይኔ እከተላለሁ፤ እሳቸው የታተመውን ጮክ ብለው ያነባሉ። ሲያነቡ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም። ሥርዓተ ነጥቡን ጭምር ነው የሚያነቡት፦ "ወላጆቼን ነጠላ ሰረዝ ወንድሞቼን ነጠላ ሰረዝ መምህሬንም አመሰግናለሁ አራት ነጥብ።" የፍርድ ቤት አቤቱታም ይሁን የሠርግ ጥሪ ለእሳቸው አንድ ነው።

በደንበኛ ሐሳብ ውስጥ አይገቡም። የተሳሳተ የመሰላቸው ነገር ካለ ሐሳቡን አያርሙትም፤ በእርሳስ ከጎኑ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አድርገው "ባለቤቱ ይጠየቅ" ይላሉ። ያን ምልክት የሚያደርጉት ከስንት አንዴ ስለሆነ ደንበኞች ይፈሩት ነበር።

ምሳ የምንበላው ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። እትዬ አስካለ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ፤ ሲራመዱ ውስጡ ማንኪያ ይንኳኳል። በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅሁት፤ ቆጮ ወይም እንጀራ ያለበት ምሳ ዕቃ እንደዚያ አይንኳኳም። ለእናቴ ነገርኳት። በነጋታው የኔ ምሳ ዕቃ ከበደ። ከዚያ በኋላ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "እናቴ አብዝታ ቋጥራብኝ፣ ካስተረፍኩ ትቆጣኛለች።" እትዬ አስካለም "እንግዲህ ከምትቆጣሽ" ይሉና ማንኪያቸውን አውጥተው ይቀርባሉ። የእሳቸው ምሳ ዕቃ አይከፈትም። ረቡዕና ዓርብ እናቴ አይቡን ትተወዋለች፣ ጎመኑንም በቅቤ ፈንታ በዘይት ትሠራዋለች። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ረቡዕና ዓርብ ለኛ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ነገር ግን በመሃላችን ተወርቶ አያውቅም።

ረመዳን ሲመጣ ችግር ሆነ። እኔ ጿሚ ነኝ፤ ምሳ ይዞ መምጣት ምን ይባላል? እናቴ ሳትጠይቀኝ ቋጠረችና ሰጠችኝ። ሱቅ ስደርስ የማደርገው ጠፋኝ። በመጨረሻ "እናቴ ረስታ ቋጠረችልኝ፤ እንዳይበላሽ እርስዎ ይብሉልኝ" አልኩ። እትዬ አስካለ ትንሽ አዩኝና "ሰው ይረሳል" አሉ። እናቴ ወሩን ሙሉ ረሳች።

ቆይቶ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ጉብሬ ላይ ሥራው በዛ። ታምራት የሚባል ወጣት እዚያ የጽሕፈት ቤት ከፍቶ ፈጣን ጸሐፊ ሲፈልግ ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው "ሂጂ፤ እዚህ ከኔ ጋር አታርጂ" አሉኝ። የተሻለ ከፈለኝ፤ ጠዋት ከወልቂጤ ተሳፍሬ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ታምራት ችኩል ነው፤ ደንበኛ ገና ሳይቀመጥ "መቼ ይፈለጋል?" ይላል። ቢሆንም የሥራ ጥራት ያውቃል፤ እርማቱን ለእትዬ አስካለ በገጽ እየከፈለ ያሠራቸው ነበር። ወልቂጤ ላይ ሥራ እየቀነሰ ስለሄደ ለእሳቸው ዋናው ገቢ ያ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳዬን ጉብሬ በልቼ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ገጾቹን እወስድላቸዋለሁ፤ አብረን እናርማለን፤ ከዚያ ወደ ቤት እገባለሁ።

ብሩክ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚሠራ ቀጭን ልጅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ወደ አማርኛ በተተረጎሙ የአሜሪካ ልብ ወለዶች ውስጥ ድህነት እንዴት እንደሚቀርብ የሚያጠና ነበር። ያኔ ብዙዎቹ ገና በእጅ ጽፈው ያመጡ ነበር፤ የሱም በእጅ የተጻፈ፣ ዳርና ዳሩ በቀስት የተሞላ ነበር። የሚኖረው ወልቂጤ ሆኖ ሳለ ለምን ጉብሬ ድረስ እንዳመጣው አልጠየቅኩትም። እኔ ደንበኛ አልጠይቅም።

ጽሑፉ ውስጥ ስለ አንድ ቤተሰብ ይተነትናል። ሥራ አጥተው ልጆቻቸውን በአሮጌ መኪና ጭነው ከከተማ ከተማ ይንከራተታሉ። ታምራት ከትከሻዬ በላይ አነበበና ሳቀ።

"መኪና ያለው ድሃ! ያንን ድህነት ለኔ በሰጠኝ።"

ኮፒ ሊያስደርግ የቆመ የባጃጅ ሹፌር ሰማና "እኔ ባጃጅ ይዤ የሰው ናት፤ እነሱ መኪና ይዘው የራሳቸው ናት፤ ማን ነው ድሃው?" አለ። ብሩክ ሊያስረዳቸው ሞከረ። መኪናው ቤታቸው ነው፤ የሚተኙት እሱ ውስጥ ነው፤ ነዳጅ ካለቀ ልጆቹ መንገድ ላይ ናቸው አላቸው። ሹፌሩ አሰበና ነዳጅ ማለቁ ላይ ተስማማ።

እኔ እየጻፍኩ ሄድኩ። ብሩክ የሚለው ይህ ነበር፦ የአሜሪካ ደራሲ ደጅ ላይ አይቆምም። ድሃው ቤት ገብቶ ቁም ሣጥኑን ይከፍታል፤ የተቀደደውን ጫማ፣ የቀዘቀዘውን ምድጃ፣ የቀረውን ዱቄት ያሳያል። ድሃዎቹም ይናገራሉ፤ ባንኩን፣ ባለመሬቱን፣ ባለፋብሪካውን ስም ጠርተው ይረግማሉ። አንዳንዱ ደራሲ ያዝንላቸዋል፣ አንዳንዱ ይስቅባቸዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጀግና ያደርጋቸዋል። ግን ሁሉም ይገባሉ።

የፊተኞቹን ምዕራፎች ከእትዬ አስካለ ጋር ስናርም አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። አንዲት እናት ዳቦውን ለልጆቿ ከፋፍላ "እኔ ቅድም በልቻለሁ" የምትልበት ቦታ ነው። ሲያርሙ ቆመው አያውቁም ነበር። "ይቺስ የኛ ናት" አሉ፤ ቀጠሉ።

የመጨረሻው ምዕራፍ የመጣው ማስረከቢያው ሲደርስ ነው። እንደ ልማዴ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እስከ አራት ነጥቡ አነበብኩ። ከዚያ ቀጣዩን። ከዚያ ጣቴን ሳልዘረጋ ገጹን ጨረስኩ። እንዲህ ይል ነበር፦

"እኛ ዘንድ ድሃው ራሱን ይደብቃል፤ ደራሲውም ደጅ ላይ ይቆማል። በምኖርበት ግቢ አንዲት አሮጊት ተከራይ አለች። በየጠዋቱ ቧንቧው አጠገብ ምሳ ዕቃዋን በሳሙና ታጥባለች፤ ታደርቀዋለች፤ ማንኪያ ብቻ ጨምራ ትዘጋዋለች። ስትራመድ ማንኪያው ይንኳኳል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በሥራ ቦታዋ በኩል ሳልፍ ከመጋረጃ ጀርባ ባዶውን ምሳ ዕቃ በማንኪያ ስትጭር ሰማሁ፤ ሰው እየበላች እንዲመስለው። ይህ ማንም የማያውቅላት ረሃብ ነው።"

ስም አልጻፈም። ስም ግን አያስፈልግም።

እነሆ ችግሩ። ገጹ ቅዳሜ እትዬ አስካለ እጅ ይገባል። ምዕራፉን ለእርማት ባልወስድላቸው ደግሞ የሚኖሩበትን ሥራ እከለክላቸዋለሁ፤ ለዚያውም ምዕራፉ ረጅም ነው። የቀረው ብሩክን መለመን ነው። ዓርብ ጠዋት ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳጠና ቆየሁ፦ "ይህን ገጽ ብታወጣው ጥሩ ነው፤ ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ።" ብሩክ መጣ፤ ፊት ለፊቴ ቆመ። አፌን ከፈትኩና "የገጹ ኅዳግ ይስፋ ወይስ እንዲሁ ይሁን?" አልኩት። እንዲሁ ይሁን አለና ሄደ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ተበላሽቶብኛል፤ መብራት ሄዶ የአንድ ሰው ግማሽ መጽሐፍ ጠፍቶብኛል። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው።

ቅዳሜ ሚኒባስ ውስጥ ገጹን ከታተሙት መሃል አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የጋሽ ሸምሱ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ሰው የለበትም። ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጥን። እትዬ አስካለ እጃቸውን ታጥበው መጡ፤ እርሳሳቸውን ቀረጹ፤ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። እዚያ ቦታ ሲደርሱ አንድ ገጽ ገለጡና ቆሙ። የገጹን ቁጥር አዩ፤ ወደ ኋላ መለሱ፤ እንደገና አዩ።

"አንድ ገጽ ቀርቷል።"

"ፕሪንተሩ ይሆናል" አልኩ።

ጭኔን አዩ። የእጅ ጽሑፉ እዚያው ተዘርግቶ ነበር። የታተመውን ሳወጣ ዋናውን ማውጣት ረስቻለሁ። እትዬ አስካለ የእጅ ጽሑፉን አላነሡም፤ ያልታተመ ነገር ማንበብ ልማዳቸው አይደለም። ቦርሳዬን አዩ።

"እዚያ ውስጥ ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ስጪኝ፤ ያላየሁት ገጽ አይጠረዝም።"

ሰጠኋቸው። እኔም እንደ ደንቡ የእጅ ጽሑፉን መከተል ጀመርኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። በዚያው ድምፅ አነበቡት። "በየጠዋቱ ቧንቧው አጠገብ ምሳ ዕቃዋን በሳሙና ታጥባለች ድርብ ሰረዝ ታደርቀዋለች ድርብ ሰረዝ ማንኪያ ብቻ ጨምራ ትዘጋዋለች አራት ነጥብ።" ድምፃቸው አልተቀየረም። "ከመጋረጃ ጀርባ" የሚለው ላይ ሲደርሱ እኔ መጋረጃውን አየሁ። እሳቸው አላዩትም። "ይህ ማንም የማያውቅላት ረሃብ ነው አራት ነጥብ።"

እርሳሱን ይዘው ወደ ላይ ተመለሱ፤ አንድ የቀረ ነጠላ ሰረዝ ጨመሩ። ከዚያ ወርደው "ማንም" የሚለው ቃል አጠገብ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አደረጉ።

"ባለቤቱ ይጠየቅ" አሉ።

ያኔ ገባኝ። እናቴ አብዝታ እንደማትቋጥር፣ ረመዳንን እንደማትረሳ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ማጽናናት ፈለግኩ መሰለኝ፤ በሕይወቴ ካልኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ሳላስበው የወጣ የለም።

"እትዬ፣ እሱ እኮ ምሳ ሰዓት ላይ አልነበረም። እኛ ስንበላ አላየም።"

"ነበር" አሉ። "ያልነበርሽው አንቺ ነሽ።"

ወቀሳ አልነበረበትም። አንድ ፊደል ሲያርሙ የሚሉት ዓይነት ነበር። ብሩክ ግቢው የገባው እኔ ጉብሬ ከሄድኩ በኋላ ነው። እኔ ከሄድኩ ወዲህ ምሳ የሚያካፍላቸው እንደሌለ አስቤው አላውቅም ነበር። እሳቸው ገጹን ገለጡ፤ "ተከተዪ" አሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አነበብን።

ሰኞ ብሩክ መጣ። ምልክቱን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነህ ወይ ማለት ነው አልኩት።

"ማን ነው ያረመው?"

"እትዬ አስካለ።"

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "ወደ ጉብሬ ያመጣሁት እሳቸው እንዳያዩት ብዬ ነው" አለኝ። እርማቱ ተመልሶ ወልቂጤ እንደሚሄድ በየት ይወቅ? ጠዋት ቧንቧው ላይ ተገናኝተው እንደወትሮው "እንዴት አደርክ ልጄ" ብለውታል።

"ተቀይመውኝ ይሆን?"

"ነጠላ ሰረዝ ጨምረውልሃል።"

"ገጹን ላውጣው?"

"አውጣ አላሉም።"

ምልክቱን እንደገና አየ። "ታዲያ ማን ነው የሚያውቅላቸው?"

ታምራት ከፊት ሆኖ ኮፒ ያደርጋል፤ ሁለት ተማሪዎች ቆመዋል። አንገቴን ደፋሁ። ቢሆንም በዚህኛው ስለ ኅዳግ አልጠየቅኩም።

"እናቴ" አልኩ።

ብሩክ ሌላ አልጠየቀም። እስክሪብቶ ተቀበለኝና ዓረፍተ ነገሩን ለወጠው፤ እኔም እዚያው ጻፍኩት፦ "ይህ ከአንድ ቤት በቀር ማንም የማያውቅላት ረሃብ ነው።" ጽሑፉ እንደዚያ ሆኖ ተጠረዘ። ፈታኞቹ ምን እንዳሉት አላውቅም። ተመርቆ ወደ አገሩ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ሁለት ትቋጥር ጀመር። ጠዋት ወደ ጉብሬ ሳልሳፈር አንዱን በጋሽ ሸምሱ ቤት አደርሳለሁ። "ተሳስታ ሁለት አደረገችው" እላለሁ፤ እትዬ አስካለ "ሰው ይሳሳታል" ይላሉ። ቤቶቹ እስኪዘጉ እንዲያ ቆየን። ከዚያ እኔና እናቴ ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ ቡታጅራ ተመለስን።

አሁን በየቀኑ መድረስ አልችልም። አክስቴ ቅዳሜን ስለምትለቅልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ በጉብሬ በኩል ወልቂጤ እሄዳለሁ። እትዬ አስካለ ዓይናቸው ደክሟል፤ ኪቦርድ የሚመቱበት የለም። የጎረቤት ልጆች ደብተራቸውን ያመጡላቸዋል፤ የልጆቹ እናቶችም ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ይህን ለማን እንደነገርኩና ማን እንዳዳረሰው አሁን አልጽፍም።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኙ። ቅዳሜ ስሄድ ሁለታችንም ጿሚዎች ነን። ምሳ ዕቃውን ፊታቸው አስቀመጥኩና የድሮውን አልኩ፦ "እናቴ ረስታ ቋጠረችልኝ።"

ቅዳሜ ስለሆነ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጠብቁም። ክዳኑን ከፍተው ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ አሸተቱት። ቆጮና ጎመን ነው፤ ጎመኑ በዘይት የተሠራ፣ አይብም ቅቤም ያልነካው።

"ትገርማለች እናትሽ" አሉ። "የራሷን ጾም ረስታ የኔን ታስታውሳለች።"

ከዚያ ማንኪያቸውን አነሡ።